የመዝገበ ቃላቱ ሚስት

ባሌ አምስት ቋንቋ ይችላል። በአምስቱም ዝም ማለት ያውቅበታል። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ሰው ከሰው ሲያገናኝ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሣም። እንግሊዝኛ ግራ የገባቸው ሰዎች የሚጠይቁበት የኢንተርኔት ገጽ አለ። «ይህን ቃል ለአለቃዬ ብጽፈው ነውር ይሆናል?» «እነዚህ ሁለቱ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ይላሉ። እሱ ማንም ሳያዝዘው ቁጭ ብሎ ይመልሳል። ቤት ውስጥ «መዝገበ ቃላቱ» የምንለው ለዚህ ነው።

እኔ ከጎኑ ልብስ እሰፋለሁ። «ምሳ ቀርቧል» ስለው «እ» ይለኛል። ለማያውቀው ሰው ግን ገጽ ሙሉ! «ወንድሜ፣ አይሳቀቁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው» እያለ። አይሳቀቁ! ኤዲያ!

አንጀቴ ያረረው ያለ ነገር አይደለም። የዛሬ አሥር ዓመት እንግዳ ፊት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ ቀበል አድርጎ አረመኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን እንዳልኩ ዛሬም አልናገርም። ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ከአፌ አልወጣችም።

አሁን ግን ልጃችን ልታገባ ነው። የእጮኛዋ እናት ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቁም፤ ልጄም ከሠርጉ በኋላ የምትኖረው እሳቸው ዘንድ፣ ሩቅ አገር ነው። ቅዳሜ ሊተዋወቁን ይመጣሉ።

«አይዞሽ እማዬ፣ አባዬ ይተረጉምልሻል» አለችኝ።

እንዴት ተደርጎ! ልጄን አደራ የምለው በገዛ አፌ ነው እንጂ በኦፕሬተር አይደለም።

ልጄን ለማንም እንዳትናገር አስምዬ ገጹ ላይ በስልኬ እንድታስመዘግበኝ አደረግኩ። ስሜን «መርፌ» አልኩት። «አደራ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ልጄን ለአማቷ ልሰጥ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ሆኜ አየዋለሁ። አነበበው። ኪቦርዱን ተወና ወደ መስኮቱ ዞረ። ተመልሶ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ስልኬ ነዘረ።

«እህቴ፣ አደራን የሚያህል ቃል አላገኘሁም። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ይያዙ፤ ‹እባክዎ ልጄን ይጠብቁልኝ› ማለት ነው» ብሎ አነባበቧን በፊደላችን ጽፎልኛል። ከሥሩ ደግሞ «እኔም ሴት ልጄን ልድር ነው። ሆዴ ባብቷል፤ ለባለቤቴ እንኳን መናገር አቃተኝ» ይላል።

ተናደድኩ። አሳዘነኝም። እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ እኮ ነው!

ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት እየገባሁ ዓረፍተ ነገሯን ስለማመድ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ረጅም ናቸው፤ አበባ ይዘዋል። ለካ እኔ ያጠናሁት አደራውን ብቻ ነው፣ ሰላምታ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ! አፌ ያገኘውን አወጣ።

«ጉድ ናይት!»

ፀሐዩ ወለሉን ሞልቶታል። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። እኔም ተናግሬ ሳልጨርስ ስሕተቴን አውቄዋለሁ፤ ወደ መዝገበ ቃላቱ ዞርኩ። ስሕተት ሲሰማ እንደሚያደርገው የግራ ቅንድቡ ተነሥቷል። በቃ፣ አለቀልኝ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

እሱ ግን ከጎኔ አለፍ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። ደረቱን ነፍቶ፣ በዚያ በኦፕሬተር ድምፁ፣ «ጉድ ናይት!» አላቸው።

ሴትዮዋ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኛም ሳቅን። ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ። ሳንቀመጥ እጃቸውን ያዝኩና ዓረፍተ ነገሬን ተናገርኩ፤ አንድም ቃል አልጎደለኝም። አቀፉኝ። አበባው በመሀላችን ተጨፈለቀ። መዝገበ ቃላቱ የገዛ ዓረፍተ ነገሩን ከእኔ አፍ ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ቆሞ ቀረ።

ሻይ ልቀዳ ወጥ ቤት ስገባ ተከትሎኝ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ጉድ ናይት ይባላል እንዴ?» አልኩት።

ስኒዎቹን ከእጄ ተቀበለኝ።

«በእኛ ቤት ይባላል» አለኝ።