ድምፁ የለንም

«‹ቅርጫቱ እሺ አለ!› ነበር የሚለው» አለ አንዱ ለቀስተኛ፣ የንፍሮ ሰሃኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

«የለም፣ ‹እሺ በጄ አለ!› ነው። በጄዋን ደግሞ እንዴት አድርጎ እንደሚጎትታት!»

በሹክሹክታ የተጀመረው ክርክር እየቆየ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ የተተከለውን ድንኳን ሞላው። ሐዘንተኛዋ የዓለምወርቅ ፍራሹ ላይ ሆና ትሰማለች። የሞተው ባሏ ስለሺ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ ከሰዓት፣ የአሜሪካኖቹን ቅርጫት ኳስ በቴሌቪዥን በአማርኛ ያስተላለፈው ስለሺ። ሁለቱም ሰዎች ልክ ናቸው። «እሺ አለ» ለቅጣት ምት ነበር፣ «እሺ በጄ» ለሦስት ነጥብ። እሷን ግን የጠየቃት የለም።

ስኳር ዓይኑን የወሰደበት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ የማሊያዎቹ ቁጥር ደበዘዘበት። አንድ እሑድ አንዱን ተጫዋች በሌላው ስም ሲጠራ ዋለና ጣቢያው የምስጋና ወረቀት ሰጥቶ ሸኘው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን እንዳይከፈት አለ። ወር ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከተኛ በኋላ ነው፣ «ዓለሜ፣ እስቲ ክፈችውና ንገሪኝ» ያላት።

«ምኑን ነው የምነግርህ?»

«የምታዪውን።»

«እ... አንዱ ረጅም ልጅ ለሌላው ረጅም ልጅ ሰጠው።»

«ሁሉም ረጅም ናቸው እኮ፣ የኔ እመቤት!» ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ የሰማችው ያን ቀን ነበር።

እያደር ለመደችው። ማን በግራው እንደሚወረውር፣ ማን ሲናደድ ካልሲውን እንደሚጎትት አወቀች። እሷ ያየችውን እንደወረደ ትነግረዋለች፤ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አሳምሮ፣ አገር እንደሚሰማው ሰው ያስተላልፈዋል። የሚሰማው ሕዝብ እሷ ብቻ ነበረች።

በሣልስቱ እንድርያስ መጣ። ስለሺ ጎን ተቀምጦ አብሮት ያስተላልፍ የነበረ የሥራ ባልደረባው ነው። አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ የዓለምወርቅ፣ ጣቢያው የመታሰቢያ ፕሮግራም ሊሠራለት አስቧል። ግን... ማለቴ፣ ድምፁ የለንም።»

«እንዴት የላችሁም? አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ?»

«ካሴቶቹ ላይ ሌላ ተቀድቶባቸዋል። ምናልባት እርስዎ ስልክዎ ላይ ካለ ብዬ ነው።»

ስልኳን አውጥታ በጣቷ ገፋች። የልደት ፎቶ፣ የጥምቀት ፎቶ፣ ስለሺ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ። ሁሉም ዝም ያሉ ናቸው።

«አልቀዳሁትም» አለች። «እሱ ራሱ እያለ ለምን ብዬ እቀዳዋለሁ?»

እንድርያስ አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው እርስዎ ቀርበው፣ እንዴት እንደሚናገር ቢያሳዩን?»

አፏን ከፈተች። ቃላቱ አሉ። እስትንፋሱን የሚሰበስብበት ቦታ እንኳ አልጠፋትም። ግን ይህ ሁሉ በሱ ጉሮሮ እንጂ በሷ የሚወጣ አልነበረም። ሞክራ ብታበላሸው ደግሞ ሰው የሚያስታውሰው የተበላሸውን ነው።

«ተወኝ፣ እንድርያስ» አለችው። «አልችልም በላቸው።»

ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን አፍርሰው አግዳሚዎቹን ጫኑ። እህቷ ቦሰና ነጠላዋን እያጣፋች፣ «አብሬሽ ልደር?» አለቻት።

«ሂጂ፣ ልጆቹ ይጠብቁሻል።»

በሩ ከተዘጋ በኋላ የዓለምወርቅ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች።

«ቦሰና ቁልቁል እየወረደች ነው» አለች፣ ጮክ ብላ። «ጃንጥላ አልያዘችም። በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል... አሁን ታጠፈች።»

እንደ ድሮው ጉሮሮውን እስኪጠርግ ጠበቀች። ከዚያ መስኮቱን ዘጋችው።