«ሪዛሞቼን አደራ»

«አምስት ነበሩ እኮ» አለች፣ አፏን ወደ እህቷ ጆሮ አስጠግታ። «አሁን ሦስት ናቸው።»

«እነማን?»

«ዓሦቹ።»

እህቷ ለቅሶ ደራሾቹን በዐይኗ ቃኘችና እጇን ያዝ አደረገቻት። «አይዞሽ። እንቅልፍ አጥተሽ ነው።»

እንቅልፍስ እውነትም አጥታለች። ባሏ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። መስታወት ቆራጭ ነበር፤ ከመስኮት ትርፍራፊ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ አጣብቆ በሠራት፣ ከሻንጣ በማትበልጥ ገንዳ ውስጥ አምስት ድንክ አምባዛዎች ያኖር ነበር። ትንሿን ጣት የማያክሉ፣ ቀኑን ሙሉ በሪዛቸው አሸዋውን ሲዳብሱ የሚውሉ። ሆስፒታል ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ነው ያላት፤ «ሪዛሞቼን አደራ።» እናም ሰው ሲገባ ትነሳለች፣ ሰው ሲቀመጥ ትቆጥራለች። ሦስት።

የሟች ታላቅ ወንድም ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ከሩቅ አገር መጥቶ በሕይወት አልደረሰበትም፤ ይኸው ነው የሚያብሰለስለው። በሁለተኛው ቀን ግን ስንዝር የሚሞላ ነጠብጣባም አምባዛ ውሃ በያዘ ላስቲክ ይዞ ገባ። «ብቻቸውን አይሆንላቸውም፣ ጓደኛ ይፈልጋሉ ይለኝ ነበር። ይሄም ወለል ላይ ነው የሚኖረው፣ የነሱው ወገን» አለና እያለቀሰ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። አመሰገነችው። ዓሣው ቀን ቀን ገንዳው ውስጥ ከተቀመጠው ስባሪ ገንቦ ሥር አይወጣም።

አሁን፣ ሰው ሁሉ በሚያንሾካሹክበት መሃል፣ አንድ የድሮ ምሽት ትዝ አላት። ባሏ ክንዱን ውሃው ውስጥ ነክሮ እያወራ ነበር።

«አዲስ ዓሣ ሲመጣ መጀመሪያ አፉን ነው ማየት። አፉ የሚችለውን ሁሉ እራቱ ያደርገዋል። ጓደኛ ማለት የማይውጣቸው ነው።»

እሷ የምታየው እጅጌውን ነበር። «ሰብስበው ስንት ጊዜ ልንገርህ? በሰበስክ።»

«ይደርቃል።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ እጅጌ ተነታርከዋል።

ዐይኗ ወደ ገንቦው ሄደ። ብትነግረው ወንድምየው ይሰበራል፤ ለሟች ያደረገለት ነገር ቢኖር ያ ዓሣ ነው። ዝም ብትል ነገ ሁለት ይቀራሉ። ተነሳች።

«ጋሼ፣ አንዴ ይምጡልኝ።»

ገንቦውን ስታነሳው ነጠብጣባሙ ሆዱን ነፍቶ እየተጎተተ ወጣ። ሰውየው ሦስቱን አየ፣ ትልቁን አየ።

«እኔ ነኝ ያስበላኋቸው?»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ ጋሼ። እኔ ነኝ ነግሮኝ ያልሰማሁት» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች።

እሱ ባልዲ አመጣ። እሷ እጇን ሰደደች፤ ሁለቴ አመለጣት፣ በሦስተኛው ያዘችው። «እኔ እወስደዋለሁ፣ ለብቻው አኖረዋለሁ» አለ ባልዲውን አቅፎ። ቆይተው ሦስቱ ሪዛሞች ከተደበቁበት አንድ በአንድ ወጥተው አሸዋቸውን መዳበስ ጀመሩ።

ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከጥቁር ቀሚሷ እጅጌ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ቀይሪው እንጂ፣ ብርድ ይመታሻል» አለች እህቷ።

«ይደርቃል» አለችና ጉንጯን እርጥቡ እጅጌ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች።