ኦንሊ ከፊት

የእንግሊዝኛው መምህር ሰው ማሳቅ ይወድ ነበር። ማሳቁ ባልከፋ፤ ክፋቱ ሁልጊዜ የሚያስቀው በአንድ ሰው ላይ መሆኑ ነው። እኚያ ሰው ሆቴሉ ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉት፣ ባልደረቦቻቸው ሁሉ "እትዬ" የሚሏቸው፣ ሊወልዱት የሚችሉ ሴት ነበሩ። እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "አንቺ" ነበር የሚላቸው። እሱን ብሎ መምህር!

የሚማሩት ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው በእንፋሎት ያልበዋል፣ ማሽኖቹ ሲዞሩ ወንበሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የውጭ ሰው ነው። "እንግሊዝኛ የማይናገር ሠራተኛ አልፈልግም፣ አስተርጓሚም አላመጣም" ብሎ ቁርጡን ስለተናገረ፣ ዘበኛውም አትክልተኛውም ከሥራ ሲወጣ እዚያች ክፍል ይታጨቃል። መምህሩም ቢሆን ነፃ አልነበረም፤ ውሉ የሚታደሰው ተማሪዎቹ አፋቸውን ከፈቱ ብቻ ነው።

እትዬን መሳቂያ ያደረገቻቸው አንዲት ቃል ናት። ገና እንደጀመሩ፣ "እህቴ ብቻ መጣች" የሚለውን በእንግሊዝኛ በይ ሲላቸው፣ "ማይ ሲስተር ኦንሊ ኬም" አሉ። ምን ያድርጉ! በእኛ አፍ "ብቻ" ከስሙ ኋላ ነው የሚሄደው፤ እህቴ ብቻ፣ ሻይ ብቻ፣ እኔ ብቻ።

"ወይ አንቺ ሴትዮ!" አለ መምህሩ አጨብጭቦ። "ኦንሊ ጌታ ነው! ጌታ ከአሽከሩ ኋላ ይሄዳል እንዴ? ኦንሊ ማይ ሲስተር! ኦንሊ ከፊት፣ ስም ከኋላ! በይ ድገሚ!"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እትዬም አብረው ሳቁ፤ ያልሳቁ እንደሆነ ይብስባቸዋላ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው "እትዬ ኦንሊ" ሆኖ ቀረ። ጋሪያቸውን እየገፉ በኮሪደሩ ሲያልፉ ሻንጣ ተሸካሚው ሳይቀር "እትዬ፣ ከፊት ነው ከኋላ?" ይላቸዋል። "ከፊት ነው ልጄ" ይሉና አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብተው፣ በሩን ዘግተው ያለቅሳሉ። ቤታቸው ሰሃን ሲያጥቡ፣ የልጅ ልጃቸውን ፀጉር ሲያበጥሩ፣ አፋቸው "ኦንሊ ከፊት፣ ኦንሊ ከፊት" ይል ነበር። ከዚህ ሥራ ከወጡ በዚህ ዕድሜያቸው ማን ይቀጥራቸዋል? ያቺን ሕፃንስ ማን ያሳድግላቸዋል?

እውነቱን ለመናገር፣ ኦንሊ እንዲህ ያለ የዋህ ቃል አይደለም። ከማን ፊት እንደቆመ እየታየ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ከስሙ ፊት ሲቆም ስሙን ለብቻው ነጥሎ ያስቀራል፤ ከድርጊቱ ፊት ሲቆም ደግሞ "ይህንኑ ነው ያደረግሁት፣ ሌላ የለም" ያሰኛል። መምህሩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ይህን ማስተማር ያደክማል፤ እትዬ ላይ መሳቅ አያደክምም። በዚያው አለፈው።

አንድ ቀን ጠዋት ጉድ ፈላ። የአንዲት እንግዳ የወርቅ አምባር ከክፍሏ ጠፋ፣ እትዬም ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ተጠሩ። ሥልጠናው መያዙን በጆሮው መስማት ስለፈለገ መምህሩንም አስጠራው። እትዬ ደረጃው ላይ አገኙትና እጅጌውን ያዙት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"መምህር፣ በፈጠረዎት ይርዱኝ። እኔ ገብቼ ወጣሁ እንጂ ምንም አልነካሁም። ቧንቧ ሠሪውም ከእኔ በፊት ገብቶ ነበር። ገባሁ ብቻ ለማለት እንዴት ነው የምለው?"

መምህሩ ከረባቱን እያስተካከለ ነበር። "ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ስትማሪ ነበር? ኦንሊ የት ነው?"

"ከፊት።"

"እንግዲያማ! ደግሞ እዚያ ገብተሽ አታዋርጂኝ።"

ቢሮው ውስጥ የጥበቃ ኃላፊው በሩ አጠገብ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ "ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ምን ሠራሽ?" ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀ። እትዬ ጥያቄው ገባቸው። ደስ አላቸው፣ ላብም አጠመቃቸው።

"አይ..." ብለው ጀመሩ፣ "አይ ኦን..."

ምነው በቀጠሉ! "አይ ኦንሊ ኢንተርድ" ቢሉ ኖሮ እኮ "ገባሁ እንጂ ሌላ አላደረግሁም" ማለት ነበር። ያ የተሳቀበት የድሮ ስህተታቸው ያወጣቸው ነበር። ነገር ግን ቀና ሲሉ የመምህሩ ቅንድብ ሽቅብ ተሰቅሎ አዩ። ክው አሉ፣ ቃሉን ዋጡት፣ እንደገና ጀመሩ።

"ሶሪ። ኦንሊ አይ ኢንተርድ ዘ ሩም።"

ወደ ክፍሉ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ከእኔ በቀር ማንም አልገባም ማለታቸው ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አስቀመጠ። "ኦንሊ ዩ?" አላቸው።

"የስ!" አሉ እትዬ፣ ኦንሊ ከፊት ስትመጣ ሰምተው። "ኦንሊ!"

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ወደ መምህሩ ዞሮ፣ እሳቸው በማይደርሱበት ፍጥነት፣ "ያለችውን ታውቀዋለች? የቋንቋ ስህተት እንዳይሆን" አለ።

መምህሩ አፉ ላይ መልሱ ነበረ። "ጌታዬ፣ ኦንሊን ያለቦታዋ አስገብታት ነው" ቢል ያበቃል። ግን እንዲህ ካለ፣ ታዲያ ይኼን ሁሉ ወር ምን ስታስተምር ነበር መባሉ ነው። ውሉ ሳይፈረም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ሄደ፣ ወደ እትዬ ሄደ፣ ተመልሶ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

"ኮሬክት" አለ። "ሰዋስዉ ምንም እንከን የለበትም።"

እትዬ ከዚህ ሁሉ የሰሟት ቃል "ኮሬክት" ናት። ከእሱ አፍ ለእሳቸው ወጥታ አታውቅም። ፊታቸው በራ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። የጥበቃ ኃላፊው ክንዳቸውን ሲይዝ ወደ ሥራቸው ሊሸኛቸው መሰላቸው። ፖሊስ እታች እንደሚጠብቃቸው የነገራቸው የለም፤ ቢነገራቸውም በእንግሊዝኛ ነበር።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው ለመምህሩ ጎንበስ አሉለት።

"እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ዛሬስ አላዋረድኩዎትም አይደል?"

መምህሩም ዓይናቸውን ሳያይ "ጎበዝ" አላቸው።