መርፌው ወይስ ታንኩ

…ደግሞ የቀለም ታንኩ ከማተሚያ ማሽኑ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ቀለሙ ሳይጠሩት መጥቶ ያጥለቀልቀዋል፣ ይኼን ለልጄ ማን ይነግራታል፣ ሻጩ አይነግራትም፣ ሻጭ የዕቃውን ገመና መቼ ያወራል፣ ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ ሰማያዊው መሀል መንገድ ላይ ቀርቶ ግማሹ ሥዕል ግማሹ ባዶ ወረቀት ይወጣል፣ ሳይሠራ ከሰነበተ ይደርቃል፣ ካርትሬጅ ግን፣ የድሮው የቀለም ቋት፣ ካርትሬጅ በእጅህ ነው፣ ታወጣዋለህ፣ ክብደቱን በመዳፍህ ትሰማለህ፣ በመርፌ ጠብ ጠብ ታደርግለታለህ፣ ስፖንጁ ሲጠግብ ራሱ በቃኝ ይልሃል። ለእጅህ ነው የሚነግረው። ለዓይንህ አይደለም። እሱን ተወው አሁን።

ጋሼ ቀለም ከሴት ልጁ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ተቀምጦ እንዲህ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፣ በጣቶቹ ጫፍ የሰረገው ቀለም በሳሙናም በበረኪናም አልለቅ ብሎ፣ ሚስቱ በሕይወት ሳለች አስከሬንህን በጣትህ ነው የምንለየው ትለው ነበር፣ ቀድማው እሷ ሄደች። አባዬ፣ አለችው ልጁ ዛሬ ጠዋት ሱቁን ስትከፍት፣ ባለሙያው ከምሳ በኋላ ታንኩን ይዞ ይመጣል፣ ግን አንተ ወስን፣ እንደ ድሮው በመርፌ እየሞላን እንቀጥል ካልክ እንቀጥላለን፣ ታንኩ ይግባ ካልክ ይገባል፣ ለኔ ሁለቱም ያው ነው። ያው ነው አለች። ድምጿ ለስላሳ ነበር፣ የታመመ ሰው ሲያናግሩት እንደሚለሰልሰው ዓይነት፣ እሱ ደግሞ አልታመመም፣ ማን ነው የታመመው።

ታንኩ ከገባ ማንም መንገደኛ ክዳኑን ከፍቶ ይጨምርበታል፣ እንደ ዘይት፣ አንዴ ከሞላ ደግሞ ወራት ይከርማል፣ ታዲያ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠው ሽማግሌ ለምንድነው የተቀመጠው? ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል። አትጥለኝም፣ የኔ ልጅ አትጥለኝም፣ ከዚያ የባሰ ነው፣ ቤት አስቀምጣ ሬዲዮ ትከፍትልኛለች።

በመርፌው እንቀጥል ማለትስ። ቀላል ነው፣ አንድ ቃል ነው፣ ማስረጃም አያንሰው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብሎ ይጀምርላታል፣ ስለ አየሩ ይነግራታል፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ከፍታው፣ የሚለው ሁሉ እውነት ነው፣ አንድ በአንድ ሲታይ እንከን የለበትም፣ ሲደመር ግን ውሸት ነው። ምክንያቱም ጋሼ ቀለም ቀለም አይለይም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰማያዊውም ቀዩም ለሱ ያው ጭቃ ነው፣ ቢጫው ትንሽ ነጣ ያለ ጭቃ።

መጀመሪያ አምፖሉ ነበር የመሰለው። አምፖሉን አስቀየረ፣ መነጽሩን አስቀየረ፣ ምንም፣ እያደር የሰው ፊት መሀሉ ላይ ጭጋግ ተቀመጠበት፣ ጠርዙ አለ፣ ጆሮ አለ፣ ፀጉር አለ፣ መሀሉ የለም። ወዳጅ ልጠይቅ ብሎ ወጥቶ ብቻውን ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ አባት ዘግይተዋል አለችው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም መሄዱ አይቀርም፣ በሚቀጥለው ሰው ይዘው ይምጡና ላስረዳ። እሺ አለ። ለማንም አልተናገረም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ይልቅ መላ ፈጠረ፣ ጠርሙሶቹን መደርደሪያው ላይ በተራ አቆማቸው፣ ጥቁር ከግድግዳው በኩል፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ቢጫ ዳር ላይ፣ የካርትሬጁ ቀዳዳዎች እንደሆኑ በጣት ይገኛሉ፣ እጅ ካወቀ ዓይን ምን ይሠራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት ሄደ፣ ጎሽ፣ ጎሽ ጋሼ ቀለም፣ ሳታይ አገሩን ሁሉ ቀባኸው፣ ማንም አላወቀብህም። እስከዚያች ሴትዮ ድረስ።

የባሏን ፎቶ ይዛ መጣች፣ ትንሽ የመታወቂያ ፎቶ፣ አሳድጉልኝ አለች፣ ለቀብሩ ነው፣ ሌላ ፎቶ የለውም፣ ፎቶ አይወድም ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ካርትሬጁን የሞላው እሱ ነው። ፎቶው ሲወጣ ከጓዳ ሆኖ የሰማው ሴትዮዋን ነው፣ ይኼ ባሌ ነው? ለምን አረንጓዴ ሆነ? ምን አደረጋችሁት? ብትጮህ በተሻለ፣ አልጮኸችም፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ እንደ አዲስ የሞተባት ነው የሚመስለው። ልጁ ደግሞ፣ ማሽኑ ነው እህቴ፣ አፈር ስሆን ይቅርታ፣ ሌላ ቦታ አሠርቼ እቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ። ማሽን እንዲህ አያደርግም። ሰማያዊ ቀለም የቀዩ ቤት ሲገባ ነው ፊት አረንጓዴ የሚሆነው፣ ይኼን ልጁ አሳምራ ታውቃለች፣ እሱ ነው ያስተማራት። ለካ በዋዜማው መደርደሪያውን ወልውላ ጠርሙሶቹን ስትመልስ ሁለቱን አቀያይራቸዋለች፣ ዓይን ላለው ሰው ምን ችግር አለው፣ ዓይን ያለው ሰው አይቶ ያነሣል። ሱቁን ሲዘጉ ጠየቀችው፣ አባዬ፣ ቀለሞቹን አላምታታህም አይደል? እኔ? እኔ ቀለም ላምታታ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ማለ። ከመሐላ ሁሉ መርጦ በዓይኑ ማለ፣ ግንባር ከሆነ በቆየ ዓይን። እሷም፣ እሺ አባዬ፣ አለች። ብቻ እሺ።

ተነሥ አሁን። ሙላ። ባለሙያው እስኪመጣ ካርትሬጁን ሙላልኝ ብላዋለች፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ጥቁሩን ብቻ ነበር የምትሰጠው፣ ዛሬ ግን ሁሉንም አለች፣ ለምን ሁሉንም አለች፣ ልትፈትነኝ ይሆን? ከፊት በኩል ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ይውጣል ይተፋል፣ ከደንበኛ ጋር ትስቃለች፣ አይ ሳቋ፣ የናቷ ነው። እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰዳል፣ ከግድግዳው በኩል ጥቁር፣ ነው ወይስ አይደለም፣ ተራው ተመልሶ ይሁን አይሁን በምን ይወቅ፣ አንዱን ይጨብጣል። ምንም የለውም፣ ጠርሙስ ነው። ቀጣዩን። አንገቱ ላይ የሆነ ነገር አለ። ላስቲክ፣ ወረቀት ጠቅልለው የሚያስሩበት ቀጭን ላስቲክ፣ እንዳይፈስ ይሆናል፣ ላስቲክ መፍሰስ ይከለክላል እንዴ፣ ቀጣዩን፣ ሁለት ላስቲክ፣ ጎን ለጎን፣ ጠበቅ ብለው። የዳሩን ሳይነካው ያውቀዋል። ቢሆንም ይነካዋል። ሦስት።

ታውቃለች።

መቼ አወቀች፣ ከፎቶው በኋላ፣ የለም፣ ከዚያ በፊት፣ ሰው ሲገባ ከሩቁ መጥራት የጀመረችው መቼ ነው፣ አባዬ አስተማሪው መጡ፣ አባዬ ነርሷ ሰላም እያለችህ ነው፣ እሱ ደግሞ ልጄ ጨዋታ ወዳድ ሆነች እያለ ሲደሰት፣ ምግብ ስታቀርብ ድስቱ ያለበትን እየነገረች፣ ደረጃው ጋ ስትደርስ ክንዱን ይዛ ደከመኝ የምትለውስ፣ የደከማት እሷ አልነበረችማ፣ ጅል፣ አንተ ጅል ሽማግሌ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ስምል ፊቴ ቆማ ነበር፣ ታውቅ ነበር፣ እየሰማችኝ እሺ አባዬ አለች፣ ምነው ያኔ ውሸታም ብትለኝ፣ ምነው መርፌውን ከእጄ ቀምታ ብትወረውረው። ያፍራል። ደግሞ ይናደዳል፣ እንደ ሕፃን ምልክት ታስርልኛለች? ደግሞ ጣቱ ከሦስቱ ላስቲክ ላይ አልነሣ ይለዋል፣ አንዱ ካንዱ እንዳይነባበር አስተካክላ ነው ያሰረችው፣ ስታስር ዓይኗን ጨፍና ሞክራው ይሆናል፣ እንደሱ ሆና፣ በጣቷ።

አንተ ወስን ያለችው ለዚህ ነው። በመርፌው ካለ በመርፌው ልትኖር ነው፣ ላስቲክ እያሰረች፣ ከኋላው ገብታ እያረመች፣ የተበላሸውን ሰርቃ እየጣለች፣ ማሽኑ ነው እህቴ፣ ማሽኑ ነው ወንድሜ እያለች፣ ሰው አንዴ ይቀበላል፣ ሁለቴ ይቀበላል፣ ከዚያ ማዶ ያለው ሱቅ ይሄዳል፣ እሷም ሱቋ ባዶ ሆኖ ለአባቷ ትስቃለች። እሱን ወንበር ላይ ለማቆየት። ልጄን ልበላት ነው። ሥራ ፈት እንዳልባል፣ ቁጭ ብዬ ልበላት ነው፣ እሷ ደግሞ እሺ አባዬ ትላለች።

ባለሙያው ሲገባ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ቀድሞት ይገባል። እንዴት ዋሉ አባባ፣ ይኸው ጉደኛውን ዕቃ አመጣሁልዎ፣ ከእንግዲህ በመርፌ መወጋጋት ቀረ፣ አፈ ጮሌ ነው፣ ታዲያ ወሰናችሁ? ልጁ፣ አባዬ ይናገር ትላለች፣ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፣ በጥላዋ ያውቃታል። አየሩ፣ ቱቦው፣ ከፍታው፣ ሲያጠናቅቅ የዋለው ክርክር ሁሉ አፉ ላይ ተሰልፏል። ይግባ፣ ይላል። ግጠምላት። ብቻ ከማሽኑ እኩል አስቀምጠው፣ ከፍ እንዳይል። ልጁ፣ እርግጠኛ ነህ አባዬ? አዎ አልኩ እኮ።

ማተሚያው ወደ ጓዳ ይገባል፣ ጋዜጣ ይነጠፋል፣ ብሎን ይፈታል፣ ቱቦ ይሳባል፣ ባለሙያው ያፏጫል፣ በመጨረሻ እጁን እየጠረገ፣ እንግዲህ ማነው የሚሞላው? ለሱ ላሳየው። ልጁ ወዲያው፣ አባዬ ነዋ፣ በቀለም ነገር ከሱ በላይ ማን አለ! ልክ እንደጠዋቱ ለስላሳ። ሥራ ልትሰጠው ነው፣ ታንኩም ላይ ላስቲክ ልታስር ነው፣ ይኼን ሁሉ አስባ ጨርሳለች። አባባ ወደዚህ ይጠጉ፣ ይቺ መስመር ትታይዎታለች? ቀለሙ እሷ ጋ ሲደርስ ይሞላሉ፣ ከሷ በታች ከወረደ አየር ይገባል። ይጠጋል። ጎንበስ ይላል። የባለሙያው ጣት ጥላ የሆነ ቦታ ላይ ያርፋል፣ መስመርም ታንክም የለም፣ ጭቃ ነው፣ አዎ ትታየኛለች የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነው፣ ስንት ጊዜ ብሎታል፣ ያውቀዋል፣ አያደናቅፍም።

ለሷ አሳያት ልጄ፣ ይላል። እኔ አላይም።

ልጁ ሳቅ ትላለች፣ አጭር ነው፣ የናቷ ሳቅ አይደለም፣ እየቀለደ ነው እኮ፣ አባዬ ቀልድ ይወዳል፣ ቀጥልለት፣ አሳየው። ባለሙያውም ተከትሎ ይስቃል፣ ኧረ አባባ አስደነገጡኝ! የማምለጫውን በር ከፍታ ያዘችለት። አሁን ቢስቅ አለቀ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጉሮሮው ድረስ መጥቷል ሳቁ፣ ትንሽ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ሳቅ በላት፣ ሳቅ በላት እንጂ፣ ደስ ይላታል።

ቀልዴን አይደለም።

ዓይኔ ጠፍቷል፣ ይላል፣ ከቆየ ቆይቷል። የዚያችን ሴትዮ ባል አረንጓዴ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በዓይኔ የማልኩልሽም በውሸት ነው። አንቺም ታውቂያለሽ፣ ላስቲኩን አግኝቼዋለሁ። በቃ። ከእንግዲህ ማሽኑ ነው አትበዪ።

ባለሙያው መፍቻውን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ከሱቁ በኩል አንድ ደንበኛ፣ ባለቤት የለም እንዴ እዚህ ቤት፣ ይላል። ጋሼ ቀለም ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል፣ ጠርዟ አለ፣ ፀጉሯ አለ፣ ትከሻዋ አለ፣ መሀሏ የለም፣ ድምፅም የላትም፣ ቆማለች፣ ምን ሆና እንደቆመች አያውቅም፣ በፊት ቢሆን እንዳየ ሰው ሆኖ ዝም ይል ነበር።

የኔ ልጅ፣ ይላታል፣ እያለቀስሽ ነው? ንገሪኝ፣ አይታየኝም።