አማርኛ ብቻ

ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ጨንቻ ተማሪ ሳለሁ ጋሞኛ ጋሞኛ በሚለው አማርኛዬ የተሳቀብኝ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ በ1987 ዕዝራ ሲወለድ ባለቤቴን አገኘሽን አስቀምጬ፣ ይህ ልጅ የሴቻ፣ የከተማ ልጅ ነው፣ በዚህ ቤት ከአማርኛ ሌላ እንዳልሰማ አልኳት። የእሷ አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም፤ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ሰላምታ ትመልሳለች፣ በቃ። እኔ ግን አንዴ ተናግሬያለሁ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ?

ከእናቷ የወረሰችው ማጫወቻ ሁሉ በጋሞኛ ነው። ጣቶቹን እየቆጠረች ስትኮረኩረው፣ ጉልበቷ ላይ እያዘለለች ስትዘፍንለት ከደረስኩ እቆጣ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ምሳዬን ጥዬ ወጣሁ። ቀስ በቀስ ተወችው። ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ታዝለዋለች፤ አፏ ግን ዝግ ነው። እኔ ጅሉ፣ ሰማችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከቢሮ ስመለስ ደግሞ አማርኛ ይማር ብዬ ሬዲዮ እከፍትለታለሁ።

ዕዝራ ሁለት ዓመት ተኩል ሞላው፤ አንድ ቃል የለም። የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉለት ዝም ብሎ ያያል እንጂ አይመልስም። ጆሮው ይሆናል ብለን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሲስተር ዘርፈሽ የምትባል ነርስ አየችውና ጆሮው ደህና ነው አለች። ከዚያ ማን እንደሚያጫውተው አገኘሽን ጠየቀቻት። አገኘሽ እኔን አየችኝና አንገቷን ደፋች። እኔው ተናዘዝኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅ አፉን የሚፈታው ከሬዲዮ አይደለም፣ እናቱ ስትስቅለትና እሱ መልሶ ሲስቅላት ነው አለችኝ፣ በቀስታ።

ቤት እንደገባን ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ለመንኳት።

«በራስሽ ቋንቋ አጫውቺው፣ አገኘሽ። እግርሽ ላይ ልውደቅ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ውጬው» አለች፣ «አሁን ከየት ላምጣው?»

ቢሆንም እናት ናት። ዕዝራን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትንሿን ጣቱን ያዘችና በጋሞኛ መቁጠር ጀመረች። ዕዝራ ደነገጠ። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ መዳፉን አንስቶ አፏን ከደነው። ቀስ ብላ እጁን ልታነሳ ስትል አፏን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘው፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል።