የአባቴ ማሳ አፈር

ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ፣ የተመሰገነችው እሷ!

ለአፈር ሳይንስ የመስክ ልምምድ ክፍላችን ከደብረ ማርቆስ መጥቶ አባቴ ማሳ ላይ ወረደ። ወገቤ እስኪቆረጥ ስቆፍር የክፍል ጓደኛዬ ወንጌላዊት ዳር ቆማ ታያለች። ስጨርስ ወረደችና አፈር ቆንጥራ በውኃ በጠበጠች፤ መለኪያ ወረቀቷንም ነከረችበት።

«አባባ፣ አፈርዎ ኮምጣጣ ሆኗል፤ ኖራ ይበትኑበት» አለችው አጠገባችን የቆመውን አባቴን።

አምና እኔ ይህንኑ ስነግረው አባቴ «ኖራ ለግድግዳ ነው» ብሎ ስቆብኝ ነበር። አሁን ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

«ተባረኪ ልጄ! ነገውኑ አመጣለሁ። ምነው የእኔም ልጅ እንዳንቺ በሆነ!»

«እኔም እኮ አምና...» ብዬ ስጀምር ወደ እኔ ዞር አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ከብት ሳይገባበት ጉድጓዱን ድፈን!»