ራስ የሌላት ጣውንት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ። አጎዛው ይበቃችኋል፤ እግራችሁን ዘርጉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቅናት ነው። ቅናት እንደ ቁንጫ ነው፤ የደሃ ልብስ፣ የጌታ ልብስ ብሎ አይመርጥም። የስሜነሽን ቅናት ለየት የሚያደርገው ግን የቀናችባት ሴት ራስ የሌላት መሆኗ ነው። ከአንገቷ በላይ ባዶ ነበረች። እንዴት ያላችሁ እንደሆነ ይኸው ልንገራችሁ።

ስሜነሽ የልብስ ሰፊው የየሻው ሚስት ናት። የሻው እዚሁ ላሊበላ፣ ከገበያው በላይ ካለው መንገድ ዳር ሱቅ አለችው። የሀገር ልብስ ይሰፋል፣ ጥልፍ ይጠልፋል፣ ለገና ለሚመጣው ምዕመን ቀሚስ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዞበት ነበርና ደሴ ጨርቅ ሊገዛ በወረደ ጊዜ አንድ ነጋዴ መከረው። «ወንድሜ፣ ልብስ በሚስማር ተሰቅሎ ማን ያየዋል? ሴት ለብሳው ነው መታየት ያለበት» አለው። የሻውም ልብስ ሻጮች አሻንጉሊት የሚሏትን፣ ያችን የፕላስቲክ ሴት ገዛ።

ሚኒባስ ጣራ ላይ ጭነው፣ እርቃኗን እንዳትታይ ነጠላ አልብሰው፣ በገመድ ጠፍረው አመጧት። ጋሸና ላይ ለምሳ ሲቆሙ፣ ከምግብ ቤቱ የወጣው ሰው ሁሉ ባርኔጣውን እያነሳ «ነፍስ ይማር» አለ አሉ። ረዳቱ «ኧረ አሻንጉሊት ናት!» እያለ ቢጮህ ማን ይስማው።

ሱቅ ከገባች በኋላ የሻው የእጁን ምርጥ አለበሳት፤ ከደረቱ እስከ ጫፉ አረንጓዴና ወርቃማ ጥልፍ የወረደበት ነጭ ቀሚስ። ወገቧ በሁለት መዳፍ ይጨበጣል። ሆዷ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልጥፍ ያለ ነው። የሻው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና፣ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ብዙ አያት።

«ልብስ ማለት እንዲህ ነው!» አለ ለራሱ። «በዚች ላይ የማያምር ምን አለ?»

ስሜነሽ ከኋላው ቆማ ነበር። ልጇን ሰብሌን አዝላ፣ ምሳውን በሳህን ይዛ። ሰብሌ ገና መዳህ ያልጀመረች የጡት ልጅ ናት። ስሜነሽ ቃሉ ብቻ ቢሆን ባለፈችው፤ አስተያየቱ ነው የወጋት። «እኔን እንዲህ አድርጎ ያየኝ መቼ ነው?» አለች በሆዷ። ሳህኑን አስቀምጣ ተመለሰች።

የቅዳሜ ገበያ ሲደርስ ደግሞ ባሰ። ሴቱ ሁሉ ደጁ ላይ እየቆመ ያደንቃል። «ወይ ወገብ! ወይ ቁመና!» ጎረቤታቸው ፋና፣ በርበሬ ሻጯ፣ ከመደብሯ ሆና ጮኸች።

«አንቺየ ስሜነሽ! ባልሽ ጣውንት አምጥቶብሽ ዝም ትያለሽ?»

«እቴ! ይቺ አትበላ አትጠጣ፣ ምን ታስቸግረኛለች።»

«እሱ ነዋ ክፋቷ! የማትበላ ጣውንት መቼ ትወፍራለች?»

ሳቅ ሆነ። ስሜነሽም በጥርሷ ሳቀች።

ጥቂት ቆይቶ ከብልባላ የመጣ አንድ ገበሬ ገባ። ጥር ላይ ልጁን ሊድር ነው፤ ለሚስቱ ቀሚስ ይፈልጋል። አሻንጉሊቷን ዞሮ ዞሮ አያትና፣

«ወንድምየ፣ ይቺን ምን ነክቷት ነው እንዲህ ያከሳት?» አለ።

«ልብስ ማሳያ ናት፣ አያ።»

«ማሳያ ከሆነችማ ምነው ደህና አድርገው ቢሠሯት! የኔዋ እንስራ አዝላ ዳገት ትወጣለች። ይቺን የአሸተን ተራራ ነፋስ ይወስዳታል። በል፣ ሰፋ ያለውን አውጣልኝ።»

በሱቁ የነበሩት ወንዶች ሁሉ «እውነቱን ነው!» ብለው ሳቁ። ስሜነሽ የሴቶቹንም ሰማች፣ የወንዶቹንም ሰማች። ያመነችው ግን የሴቶቹን ነው። ምክንያቱም ፋና አንድ ጊዜ «ወንድ በአፉ ወፍራም ያሞግሳል፣ በዓይኑ ቀጭን ይከተላል» ብላት ነበር። ይህች ቃል እንደ እሾህ ውስጧ ቀርታለች።

ያን ዕለት ማታ ቤቷ ገብታ ራሷን መረመረች። ከወሊድ በኋላ ያልገባ ሆድ፣ የሞላ ክንድ፣ ሰፊ ዳሌ። ሙሽራ ሆና የገባች ጊዜ አማቷ ያንኑ ዳሌ አይተው «እሰይ፣ ቤት የሚሞላ አካል!» ብለው እልል ብለውላት ነበር። ያኔ የኮራችበት አካል አሁን ዕዳ መሰላት።

ወራቱ ጽጌ ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የወደደ ይጾማል፣ ያልወደደ አይጠየቅም። የምታጠባ እናትማ ማንም ጹሚ አይላትም። ስሜነሽ ግን «ጽጌን ይዣለሁ» አለች። እግዚአብሔርን ይዞ ከቆመ ሰው ጋር ማን ይሟገታል? ቁርስም ቀረ፣ ምሳም ቀረ። ማታ ትንሽ ሽሮ ቀምሳ ትነሳለች። መቀነቷን ጠበቅ፣ ደግሞ ጠበቅ ታደርጋለች።

ወገቧ ወረደ። ፋና አየቻትና «አቤት! አምሮብሽ የለም እንዴ! አንገትሽ እኮ ወጣ!» አለቻት፤ ስሜነሽ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። የመንደሩ ሽማግሌዎች ደግሞ «ልጄ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?» ይሏታል። የሻው ግን ዓይኑን ከስፌት መኪናው አያነሳም። «ገና አላየውም» ትላለች ስሜነሽ፤ «ትንሽ ይቀረኛል።»

ይኸኔ ነው ጡቷ መንጠፍ የጀመረው። ሰብሌ ትይዛለች፣ ትስባለች፣ ትተፋዋለች፤ ባዶውን ጡት በትንሽ ጭብጧ እየደበደበች ታለቅሳለች። «ጥርስ ልታወጣ ነው» ትላለች ስሜነሽ ለጠየቃት ሁሉ። ለራሷም እንዲሁ ትላለች። እናት ልቧ እያወቀ እንዲህ ስትል፣ ልጆቼ፣ ያ ቅናት ምን ያህል ቢይዛት ነው?

አንድ ቀን ሱቁ ሄደችና «ያቺ የለበሰችውን ዓይነት ለኔም ስፋልኝ» አለችው።

የሻው ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ወገቧን ዞረ። እጁ ቆመ። እንደገና ለካ።

«ምነው?» አለች።

ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። «ለማን ነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ ወገብ። ባል ያላት፣ ልጅ የምታጠባ ሴት፣ ሥጋዋን አራግፋ አዲስ ቀሚስ ታሰፋለች። ለማን ነው እላለሁ።»

ስሜነሽ ምድር የተከፈተች መሰላት። «ላንተ ነው» ብትለው በዚያው ያልቅ ነበር። ግን እንዴት ትበለው? በፕላስቲክ ቀናሁ ትበል? ኩራቷ አፏን ያዘው።

«ጾም ነው» አለች።

«እሺ። ይቀበልሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሻው «የገና ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ብርድ ልብሱን ይዞ ሱቁ ማደር ጀመረ። አያችሁልኝ? እሱ በሌለ ወንድ ቀንቶ ከቤት ወጣ። እሷ ደግሞ በሌለች ሴት ቀንታ «ይኸው ሄደላት፣ ከሷ ጋር ያድር ጀመር» ብላ አለቀሰች።

በእሑዱ ቤተ ማርያም ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን፣ ስሜነሽ ግቢው ውስጥ ዓይኗ ጨለመባት። ልጅ እንዳዘለች ተንበረከከች፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል አለች። ሴቶች ሮጠው ሰብሌን ተቀበሏት። የነፍስ አባቷ መምሬ ደሳለ ጠበል ረጩባትና ጥላ ስር አስቀመጧት።

«ልጄ፣ እህል ከቀመስሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ጽጌን ይዤ ነው፣ አባቴ።»

«የምታጠቢ ሆነሽ? ማን ፈቀደልሽ?»

«ለእግዚአብሔር ብዬ…» አለችና ሰብሌ ከሴቶቹ እቅፍ ስታቃስት ሰማች። ድምፅ ያጣ ልቅሶ ነው። መስቀል በያዘ ሰው ፊት ውሸቱን መጨረስ አቃታት። «ለወገቤ ነው፣ አባቴ።»

«ለምንሽ?»

«የሻው ሱቅ በቆመችው… በአሻንጉሊቷ ቀንቼ።»

መምሬ ጢማቸውን ያዙ። ሳቃቸው መጥቶባቸው ነበር፣ ግን የሕፃኗን ፊት አዩና ተዉት።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ይህ ጾም ለምን እንደሚጾም ታውቂያለሽ? እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በረሃ ለበረሃ መሰደዷን እያሰብን ነው። እሷ የተራበችው ልጇን ልታድን ነው። አንቺ ልጅሽን ያስራብሽው ለምንድን ነው?»

ስሜነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ቀኖናሽን ልስጥሽ። ጠዋት አጥሚት፣ ቀን እንጀራ፣ ማታ ገንፎ። ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ቅቤ ይግባበት። ሁለተኛው፣ ለባልሽ እውነቱን ትነግሪዋለሽ።»

«መብላቱንስ እበላለሁ፣ አባቴ። መናገሩን ግን ያስቀሩልኝ። በምትኩ ስግደት ይስጡኝ፤ የፈለጉትን ያህል ልስገድ።»

«ስግደትማ ያቀጥንሻል!» አሉ መምሬ። «ሂጂ፣ ተናገሪ።»

በማግስቱ፣ አጥሚቷን ጠጥታ፣ ልጇን አዝላ ሱቁ ሄደች። የሻው ስፌት መኪናው ላይ ነው። ቀና አላለም። እሷም ቁጭ ሳትል፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። የመኪናው ድምፅ ቆመ።

አልሳቀም። ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና «እኔኮ ሚኒባስ ነጂውን ጠረጠርኩ» አለ። «ባለ ሆቴሉን ጠረጠርኩ። ሰላም ያለሽን ሁሉ ጠረጠርኩ። እንቅልፍ ከተኛሁ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ያን ዕለት እንዲያ አድርገህ ያየሃትስ?»

«እኔ? ጥልፉን ነዋ!»

«ውሸታም።»

«እመብርሃንን!» ተነስቶ አሻንጉሊቷን አዞራት። ከጀርባዋ ቀሚሱ ተሰብስቦ ከላይ እስከ ታች በስፒል ተይዟል። «ይኸው። ለሴት ብዬ የሰፋሁት ልብስ ነው፤ በሷ ላይ እየወደቀ አስቸገረኝ። ከፊት ያማረው ከኋላ ተጨብጦ ነው።»

ስሜነሽ ስፒሎቹን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። «ሴቶቹ ሁሉ ግን ‹ወይ ወገብ!› ነው የሚሉት።»

«እናንተ ሴቶቹማ እርስ በርሳችሁ ትተያያላችሁ። አንድ ወንድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?»

«ወንድ ተጠይቆ መቼ እውነት ይናገራል! እናንተስ ብትሆኑ አታዩም እንዴ? እኛ ወገብ ስንል እናንተ ዳሌ ትላላችሁ እንጂ።»

የሻው ራሱን አከከ። «እሱስ እውነት ነው» አለ፤ ያኔ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አላት። «እኔ ግን አንቺን በወገብ ለይቼሽ አላውቅም። ከዳገቱ ስትወርጂ ገና ከሩቁ በአካሄድሽ ነው የማውቅሽ። ሰሞኑን አንዲት ሴት ስትመጣ አያለሁና ‹ማን ናት?› እላለሁ። ስትደርስ አንቺ ሆነሽ ትገኛለሽ። ሚስቴን የቀማኝ ማን ነው እያልኩ ነው የከረምኩት።»

ስሜነሽ ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና፣ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጡቷን ሰጠቻት። ያን ቀን ወተቱ ብዙም አልመጣም። የሻው ሱቁን ገርበብ አድርጎ ሄዶ ከፋና ቤት ትኩስ ገንፎ አመጣ፤ ፋናም ነገሩን ሰምታ «ጥፋቱ የኔ ምላስ ነው» እያለች ቅቤውን አበዛችው። ስሜነሽ በላች። በነጋውም በላች። ቀን ሲቆይ ወተቱ ተመለሰ፤ ሰብሌም ስትውጥ ጉሮሮዋ ከሩቅ ይሰማ ጀመር።

ቅናቱ ጨርሶ ሄደ አልላችሁም፤ ብዋሻችሁ ምን ይጠቅመኛል። ገና ደርሶ ምዕመኑ ሲጎርፍ፣ ሴቱ ደጁ ላይ ቆሞ ሲያደንቅ፣ የስሜነሽ እጅ አሁንም ወደ መቀነቷ ይሄዳል። ግን ያኔ ልጇን ታያለች፤ ጉንጯ ሞልቶ፣ ጡት ይዛ እንቅልፍ የወሰዳትን።

እናንተም፣ ልጆቼ፣ በተለይ እናንተ ሴቶቹ፣ አንድ ቀን አካላችሁ ያስጠላችሁ እንደሆነ፣ አብሯችሁ የሚራብ ሰው እንዳለ አስታውሱልኝ። ይህችን ብቻ አደራ።